ለአንዲት ጎረቤት ብቻ የተባለ ግጥም

ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። እናቴ ብታነብበው አትወደው ይሆናል። ግን ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ መምህራችን አሜሪካ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሳለች ስለኖረች አንዲት ገጣሚ ሲያስተምረን፣ የማስበው እናቴን ነበር። ገጣሚዋ ስምንት ልጆች እያሳደገች ትጽፍ ነበር። የእህቷ ባል ግጥሞቿን ሳያስፈቅዳት ባሕር አሻግሮ አሳተመባት።

እናቴ አትጽፍም፤ በቃሏ ነው የምትገጥመው። ነገሌ ውስጥ ለቅሶ ቤት ስትገባ ሰው ዝም ብሎ ይጠብቃታል። አጥር ለአጥር የምንኖረው ባለሱቋ ጎረቤታችን ትንሽ ልጇ ስትሞትባት ግን እንደዚያ አልሆነም። እነሱ ሙስሊሞች ናቸው፤ ሙሾ አያወርዱም። ስለዚህ እናቴ ከሱቁ ጓዳ፣ ከስኳር ጆንያዎቹ መሀል ተቀምጣ፣ የልጅቷን ስም እየጠራች፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኦሮምኛ በሹክሹክታ ገጠመችላት። ሁለቱም አለቀሱ።

የአባቴ ታናሽ ወንድም መምህር ነው። እናቴ ልብስ ስታሰጣ ግጥሙን ስታንጎራጉር ሰምቶ ጻፈው። በትምህርት ቤቱ የወላጆች በዓል ላይ በድምፅ ማጉያ አነበበው፤ በመጽሔታቸውም ከነልጅቷ ስም አወጣው። በማግስቱ መጽሔቱን ይዞ መጣና «እንግዲህ ደራሲ ሆነሻል፤ ወጡን ማን ሊሠራልን ነው?» አላት። እናቴ ደስ ብሏት ሳቀች። ያ ሳቅ እስከዛሬ ይቆጫታል። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጎረቤታችን ደጃችንን አልረገጠችም።

ለጥምቀት ወደ ቤት ስሄድ የአሜሪካዋን ሴት ታሪክ ለእናቴ ነገርኳት።

«ከታተመባት በኋላስ ምን አደረገች?» አለች።

አርማ እንደገና እንደጻፈችው ነገርኳት። ብቻዋን እያንጎራጎረች አመሸች፤ በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ተከተልኳት።

ሱቁ ባዶ ነበር። ዕቃው አይሱዙ ላይ ተጭኗል፤ ቤተሰቡ አሬሮ ወዳሉት የባልየው ወንድሞች ሊሄድ ነው። እናቴ የልጅቷን ስም ከግጥሙ እንዳወጣችው፣ በሚቀጥለው መጽሔት ላይ የታረመው እንደሚወጣ እየተንተባተበች ተናገረች።

ጎረቤታችን እናቴ እስክትጨርስ ሰማቻት። «ለእኔ ብቻ ብለሽው ነበር» አለች። «አሁን ገበያ ስወጣ የማላውቀው ሰው ስሟን ጠርቶ ያጽናናኛል። ምኑን ታርሚዋለሽ?»

ከዚያ እናቴን ሳመቻት፤ «ናጋቲ» ብላ ተሰናብታት ጋቢና ገባች። መኪናው ከዓይናችን እስኪጠፋ ቆመን አየነው። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።