ቁልቁለት ላይ የሚያድር ትራክተር

ዛሬ ጠዋት ቦንጋ መናኸሪያ ፊት ለፊት ሁለት ሰዎች ባጃጅ ሲገፉ፣ ሞተሩ አስሎ አስሎ ሲነሳ ሰማሁና ባለሁበት ቆምኩ።

አባቴ ዋጫ አካባቢ እርሻ ላይ የትራክተር ሹፌርም መካኒክም ነበር። ትራክተሩ አርጅቷል፤ የሚያስነሳው ሞተሪኖ ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ ጠዋት ተንደርድሮ እንዲነሳ ሁልጊዜ ቁልቁለት ላይ ያሳድረው ነበር።

አንድ ቀን ምሳውን ይዤለት ስሄድ ሜዳው መሃል ራዲያተሩ ሲያፈስ ደረስኩ። አባቴ የእንሰት ቃጫ በሰም አሽቶ ቀዳዳውን ደፈነው። የሞቀው ሰም ማር ማር ይሸታል። እኔ ደስ አለኝ፤ እሱ ግን ጎማውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ለጥገና ሲወርድ ሞተሩን ሳያስበው አጥፍቶታል፤ ሜዳ ላይ ደግሞ ያለ ሰው ጉልበት አይነሳም።

«አባዬ፣ ሰዎች ልጥራ?»

«ቆይ ልጄ፣ ትንሽ ልረፍ» አለኝ፣ ግራሶ የጠገበ እጁን እያየ። «ከመግፋቱ መጥራቱ ይከብዳል።»

መጥራት ምን ይከብዳል? የእኔ ድምፅ እንደሆነ ጫካው ድረስ ይሰማል።

ዛሬ ማታ ከሥራ ደክሞኝ ስገባ፣ አሁን አርጅቶ ጉልበቱ የደከመው አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አንድ እግሩ ጫማ አድርጓል፤ ሌላው ባዶ ነው። ጠዋት ስወጣ ጫማውን ሊያደርግ ሲል ነበር የተለየሁት። ጎረቤታችን እትዬ አስቴር ቀኑን ሙሉ ደጃፏ ላይ ነበረች።

«ለምን አልጠራሃትም?»

«ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው» አለኝ።

ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። ከጀርባው ዞሬ እንዲነሳ በሁለት እጄ ቀስ አድርጌ ገፋሁት።