የአክስቴ ልጅ ስትሸነፍልኝ

ወንድሜ ለሙያ ትምህርት ከጄኔቫ ወደ ዙሪክ ሲሄድ ጌሙን ይዞት ሄደ። አልከፋኝም። የፍልሚያ ጌም ለእኔ እሱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚጮህበት ነገር ነበር፤ አጠገቡ ሆኜ ስልኬን እነካካለሁ፣ አንዳንዴ ቀና ብዬ «ማን እየመታ ነው?» እለዋለሁ፣ «እኔ» ይለኛል፣ ውሸቱን ነው። ለካ ያቺን ቦታ እወዳት ኖሯል።

ይህ የገባኝ እናቴ አንድ ቀን በቪዲዮ ደውላለት ስልኩን ስታቀብለኝ ነው። ወንድሜ የሚኖረው ዙሪክ አጠገብ፣ ዋሊሰለን፣ አክስታችን ቤት ነው። ሶፋው ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ የአክስቴ ልጅ እግሯን አጣጥፋ፣ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ይዛለች። እኩያዬ ናት። «ቆይ አንዴ፣ ልትገድለኝ ነው» ብሎ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አጋደመው። ሩብ ሰዓት ያህል ኮርኒስ አየሁ። ከኮርኒሱ በታች ሁለቱ ይስቃሉ።

«ደደብ፣ ተከላከይ እንጂ!» ይላታል።

በሰው ስድብ ይቀናል? እኔ ቀናሁ። ደደብ የእኔ ስም ነበር።

በየካቲት ዕረፍት እናቴን ለምኜ ባቡር ተሳፈርኩ። ዙሪክ እስክደርስ ለጀማሪዎች የተሠሩ ቪዲዮዎች ሳይ ቆየሁ። ጀማሪ ያገኘውን በተን ሁሉ ይጫናል፣ ይህን አታድርጉ ይላሉ። ደርሼ ያገኘሁትን በተን ሁሉ ተጫንኩ። የመረጥኳት ተፋላሚ ሹሩባዋ ወገቧ ይደርሳል፤ ትዘላለች፣ ትራገጣለች፣ ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም። የአክስቴን ልጅ ሦስት ጊዜ በተከታታይ አሸነፍኳት።

«ጎበዝ» አለኝ ወንድሜ።

«ተሰጥኦ ነው» አልኩት።

እዚያ ቤት የተሸነፈ ነው ሳህን የሚያጥበው። የአክስቴ ልጅ ሳታጉረመርም ተነስታ ሄደች። አሳዘነችኝና ላግዛት ተከተልኳት። ከኩሽናው በር ስደርስ የአክስቴን ድምፅ ሰማሁ።

«ነገም እንዳታሸንፊያት። እንግዳ ናት።»

«ማሚ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ የተሸነፍኩት በስንት መከራ ነው እኮ።»

ቀስ ብዬ ተመለስኩ። ብሸነፍ ይሻለኝ ነበር። ወንድሜ አጠገብ ተቀምጬ እንግዳ ተባልኩ። እሱም ያውቅ ነበር፤ ለዚያ ነው ጎበዝ ያለኝ። እሷ ደደብ፣ እኔ ጎበዝ። ቦታችንን ተለዋውጠናል። የቀሩትን ቀናት በየጨዋታው እያሸነፍኩ፣ ጭማቂ እየቀረበልኝ፣ ውስጤ እየበገነ አሳለፍኩ።

ወደ ጄኔቫ ተመለስኩ። ቬርኒየ ያለው የሰፈራችን የወጣቶች ማዕከል ጌሙ አለው። ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት ስለሌለን ከምሳ በኋላ እሄዳለሁ። የልምምድ ክፍል የሚሉት አለ፤ ባላጋራሽ እንድትሠራ ያዘዝሻትን ብቻ ደጋግማ ትሠራለች። የአክስቴ ልጅ የምትመርጣትን ተፋላሚ አመጣሁ። መጀመሪያ ዝም ብላ እንድትቆም አድርጌ ደህና አድርጌ ቀጠቀጥኳት። ደስ ይላል፣ ግን ምንም አያስተምርም። ከዚያ የእግር ጠለፋ አዘዝኳት። የአክስቴ ልጅ ከወንድሜ ጋር ስትጫወት ሁልጊዜ የምትጥለው በዚያ ነው። ማምለጫው ቁጢጥ ብሎ ጆይስቲኩን ወደ ኋላ መያዝ ነው፤ ያኔ ምቷን ትይዣለሽ። ቀላል ይመስላል። ልትመቺ ስትይ እጅሽ መምታት ያምረዋል፤ እሱን አስጨንቆ ዝም ማሰኘት ነው ሥራው። ስንት ረቡዕ መሬት ላይ እንደተዘረርኩ አልቆጠርኩም።

በፋሲካ ዕረፍት ተመልሼ ዙሪክ ሄድኩ። ጆይስቲኩን ከመያዜ በፊት አክስቴ እየሰማች «እንደ እንግዳ ካጫወትሽኝ በሚቀጥለው ባቡር እመለሳለሁ» አልኳት የአክስቴን ልጅ።

የአክስቴ ልጅ እናቷን አየች። አክስቴ ወንድሜን አየች። ወንድሜ መሬት መሬት አየ።

«እንዳታለቅሺ ታዲያ» አለችኝ የአክስቴ ልጅ።

ስምንት ጊዜ ጣለችኝ። አንዱን ዙር ሳልነካት ጨረሰችው። በዘጠነኛው ላይ እግሯን ስትሰድ ቁጢጥ አልኩ። ያዝኩት። ደገመች፣ ያዝኩት። ሦስተኛውንም ስይዝ ከመገረሜ የተነሳ መልሼ መምታት ረሳሁ።

«አንቺ ደደብ፣ መልሺላት እንጂ!» ብሎ ወንድሜ ከሶፋው ተነሳ።

ዞር ብዬ አየሁት። በዚያች ቅጽበት የአክስቴ ልጅ ጨረሰችኝ።

«በይ ማነሽ፣ የተሸነፍሽው፣ ሳህኖቹ እየጠበቁሽ ነው» አለች አክስቴ።

አጠብኩ አይባልም፣ ዘፈንኩበት። ግን አልዋሽም፣ ሁለቱ እኔ ሳልኖር መጫወታቸውን ቀጥለዋል፤ ሳቃቸው ከውሃው ድምፅ በላይ ይሰማኛል፣ ያቺ የድሮዋ ቅናት ሳሙናው መሃል ቆንጠጥ አደረገችኝ። ፈጥኜ ሳህኖቹን ደረደርኩ። የቀረው ትልቁ ድስት ነበር።

«ደደብ፣ ተራሽ ነው!» አለ ወንድሜ ከሳሎን።

ድስቱን ውሃ ሞላሁትና ትቼው ሮጥኩ።