ሦስት ጎል የገባባት ግብ ጠባቂ

ሪሐብ ሙሂዲን ግብ ጠባቂ የሆነችው ሌላ የሚቆም ጠፍቶ ነው። ለንደን ሆሎዌይ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤቷ ልጆቹን በረዶ ላይ መንሸራተት ሊያስተምር በወሰዳቸው ጊዜ፣ እዚያው አዳራሽ አይስ ሆኪ የሚጫወቱት ሴቶች ግብ ጠባቂያቸው ታማባቸው ነበር። «አንቺ ትቆሚያለሽ?» አሏት። ቆመች፤ በዚያው ቀረች።

እናቷ ሲቲ አልወደደችውም። «እንደ ድንጋይ የጠጠረ ጎማ እየወረወሩብሽ ይሄ ምኑ ጨዋታ ነው?» አለቻት። ቢሆንም ሄልሜት ሲደረግበት የማይንሸራተት ሂጃብ ሰፍታ የሰጠቻት እሷው ናት። አውቶቡስ ሹፌር የሆነው አባቷ ሙሂዲን ደግሞ ሺፍቱን እየተቀያየረ ቅዳሜ ቅዳሜ ያደርሳት ጀመር።

አሥራ አምስት ዓመት እንደሞላት ለለንደን ወጣት ቡድን ምርጫ ተጠራች። የምትመለምለው ዳያን የምትባል፣ በወጣትነቷ ራሷ ግብ ጠባቂ የነበረች ሴት ናት። ሪሐብ ከተፈታኞቹ ሁሉ አጭር ነበረች፤ ከአንዱ የግብ ቋሚ ወደ ሌላው ስትንሸራተትም ትዘገያለች። የመምረጫው ግጥሚያ እንደተጀመረ ደግሞ ፓኩ፣ ያ ጥቁር ክብ ጎማ፣ በእግሮቿ መሃል ሾልኮ መረብ ውስጥ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው፣ ከዚያም ሦስተኛው ተከተለ። ሙሂዲን መቀመጥ አቅቶት ተነሳ።

እሷ ግን ፓኩን ከመረቡ አውጥታ ወደ መሃል ላከችው፤ ውሃ ተጎነጨችና ተከላካዮቿን ጠራች። «ከጎን የሚመጣውን ለእኔ ተዉት። እናንተ መሃሉን ዝጉልኝ» አለቻቸው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ በረጋ ድምፅ። ከዚያ በኋላ አንድም አልገባባትም። ማብቂያው ላይ የተጋጣሚ አጥቂ ብቻዋን መጣችባት። አጥቂዋ በግራ አታልላ በቀኝ መታች፤ ሪሐብ አልተታለለችም፣ ፓኩን በጓንቷ ቀለበችው።

ሙሂዲን ወደ ዳያን ጠጋ ብሎ፣ «ዛሬ አልቀናትም እንጂ...» ብሎ ጀመረ።

«ፍጥነቱን እኔ አስተምራታለሁ» አለች ዳያን። «እኔ የማየው ጎል ከገባ በኋላ ያለውን ነው። ሌሎቹ ሲገባባቸው አንገታቸውን ደፉ። እሷ ቡድኑን አረጋጋች። ያንን ለማንም ማስተማር ችዬ አላውቅም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ወስጃታለሁ።»

ሪሐብ ልብሷን ቀይራ ስትወጣ የአባቷን ፊት አይታ ደነገጠች። «አባዬ፣ ምን አለችህ?»

«ገና ብዙ ሥራ ይጠብቅሻል አለችኝ።»

«አለፍኩ ማለት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አለፍሽ ልጄ» አለና ከባዱን ቦርሳዋን ከትከሻዋ ተቀበላት።

በዓመቱ ቡድኑ ለዋንጫ ሲቀርብ ግቡ ላይ የቆመችው እሷ ነበረች። ሲቲም ካፖርቷን ደራርባ ለመጀመሪያ ጊዜ መጣች። ግጥሚያው አንድ ለባዶ አልቆ ልጆቹ ሪሐብ ላይ ሲከመሩ፣ የበረዶውን አዳራሽ በእልልታ አናጋችው። ዞር ብለው ላዩዋት እንግሊዞችም በጣቷ እያመለከተች፣ «ከታች ያለችው የኔ ናት» አለቻቸው።