በቃሌ የያዝኩት ካሴት

ሰው የወደደውን ነገር በቃሉ መያዙ ወንጀል ሲሆን ያየሁት በዕድሜዬ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር፣ አንድ ፎቅ ቤት ጣሪያ ላይ። ወንጀለኛዋም እኔ ነኝ። ስንት ዓመት አልፎት ዛሬም ሳስበው አንጀቴ እርር ይላል።

ከወሎ ተነስቼ በመተማ በኩል ካርቱም የገባሁት በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው። ሪያድ ውስጥ አንዲት ሀብታም ሱዳናዊት ቤት ተቀጠርኩ፤ ሥራዬም አዳሬም እዚያው። ማዳሜ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ግን በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። «ያ ቢት!» ትላለች፤ አንቺ ልጅ እንደማለት። ይህን ስትል ከመጥረጊያው ወደ ድስቱ፣ ከድስቱ ወደ ካውያው እሮጣለሁ።

ጣሪያው ላይ አንዲት ክፍል ነበረች። የማዳሜ ታላቅ ወንድም ይኖርባታል፤ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ያለው አንድ ሳክስፎን ነው። ሰው ሁሉ ኡስታዝ ይለዋል፤ መምህር እንደማለት። አንቱ ሊባል የሚገባው ሽማግሌ ነው፤ እኔም በሆዴ አንቱ ስለው ኖሬያለሁ። ከተጣላን ወዲህ ግን አንቱታው ከአፌ አልወጣ ብሎኛል፣ ይቅር በሉኝ። በወጣትነቱ፣ የካርቱም ሆቴሎች በሙዚቃ ይደምቁ በነበረበት ዘመን፣ ስም ካለው ባንድ ጋር ይጫወት ነበር አሉ። ከዚያ አንድ ቀን እሱና ሁለት ጓደኞቹ «ዘፈን በቃን» ብለው ተነሱ። ግጥም የለ፣ አዝማች የለ፣ ኖታ የለ፤ በዚያች ሰዓት የመጣላቸውን ይነፋሉ፣ ይመታሉ። በሰፈሩ ከነሱ በፊት እንዲህ ያደረገ ሰው የሚያውቅ አልነበረም። አድማጩ «አበዱ» አለ፣ ሆቴሉም አባረራቸው። በኋላ መንግሥት ተለወጠ፣ ጭፈራ ቤቱ ሁሉ ተዘጋ፣ ሁለቱ ጓደኞቹ ተሰደዱ። እሱ እህቱ ጣሪያ ላይ ቀረ፤ ቁርሱን ይዤለት የምወጣው እኔ ነበርኩ።

ልብስ የማሰጣውም እዚያው ጣሪያ ላይ ነው። በሩን ዘግቶ ሲነፋ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን፣ ወላሂ፣ ጅብ የያዛት አህያ መሰለችኝ። አንድ ቀን ታዲያ ማዳሜ ባላጠፋሁት ሰድባኝ፣ ሆድ ብሶኝ እርጥብ አንሶላ ስጨምቅ፣ እሱ ደግሞ ያን ጩኸቱን ለቀቀው። እልሄ መጣ። አፌን ከፍቼ መለስኩለት፤ ለማሾፍ ነበር። ሲያቃስት አቃሰትኩ፣ ሲጮህ ጮህኩ፣ ዝም ሲል እኔ ብቻዬን ቀጠልኩ። በሩ ተከፈተ። አለቀልኝ፣ ዛሬ ተባረርኩ አልኩ። እሱ ግን ሳክስፎኑ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ቆሞ አየኝና፣ «አሁን ያልሽውን እንዳትደግሚው። ሌላ አምጪ» አለኝ።

እንዲህ ተጀመረ። አርብ አርብ ማዳሜ አርካዊት ሰፈር ልጇ ዘንድ ትውላለች፤ እኛ ጣሪያ ላይ እንውላለን። ሦስተኛችን ከኑባ ተራሮች የመጣ የረክሻ ነጂ ነበር። ባለሦስት እግሯን ረክሻውን በር ላይ ያቆምና አንድ ባዶ ጀሪካን፣ አንድ የዛገ ትሪና ሁለት ዱላ ይዞ ደረጃውን ይወጣል። ሲበዛ ዝምተኛ፣ ሲበዛ ቅን ሰው። ኡስታዝ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፦ «የመጣው ይምጣ፤ የሄደውን አትጥሩት።» ሳምንቱን ሙሉ የታመቀው ሁሉ አርብ ከጉሮሮዬ ይወጣል። ስድቡም፣ ናፍቆቱም፣ የእናቴም ነገር። ደስ ይለኝ ነበር፤ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አንዲት ፈረንጅ ነበረች፤ ከተማው ውስጥ ያለ አንድ የባህል ማዕከል የምታስተዳድር። ኡስታዝን በሆቴሎቹ ዘመን ሰምታው ኖሮ አፈላልጋ መጣች። ሦስታችንን አንድ አርብ ሰማችንና በማዕከሉ ግቢ ሕዝብ ሰብስባ ልታሳየን ፈለገች። እኔን ለብቻዬ ጠርታ፣ ለልጆች ዜማ የሚያስተምር ሰው እንደምትሻ፣ ዝግጅቱ ካማረ ሥራው የእኔ እንደሆነ ነገረችኝ፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀቴንም እነሱ ሊያወጡልኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ከዚያ ቤት ልወጣ ነው! ሙዚቀኛ ልባል ነው!

ግን ያለፈቃድ መድረክ የለም። ፈቃድ ሰጪዎቹ ካሴት አምጡ አሉ፤ አንድ አርብ ጣሪያው ላይ ቀድተን ላክን። መልሱ መጣ፦ ቃል የለበትምና ክፉ ነገር አላገኘንበትም፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀርባችሁ ይህንኑ፣ ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ፣ ፊታችን ተጫወቱት።

ኡስታዝ እስኪያስለው ሳቀ። «ይህንኑ? እኔስ መቼ አውቀዋለሁ! ሄደን የመጣውን እንጫወታለን፤ ጆሯቸው የት ይለየዋል» አለ። ረክሻ ነጂውም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ቢለዩትስ?

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አገር ቤት መንዙማ ያስተማረችኝ አክስቴ ናት፤ የአባቴ እህት። አርባ ቤት መንዙማ ሁለቴ ታሰማሃለች፤ በሦስተኛው አንተ ነህ የምታሰማት። አንዷን ብትስት «አልወደድከውም ማለት ነው» ትላለች። እኛ ዘንድ የወደዱት ነገር በልብ ይያዛል፤ ሌላ መውደድ አላውቅም። የካሴቱን ግልባጭ ወሰድኩና ቴፑን ካውያው አጠገብ አድርጌ ሁለት ሳምንት ሰማሁት። ማዳሜ «ይህ ምን ኡኡታ ነው?» ስትለኝ፣ ከአገሬ የተላከ የለቅሶ ካሴት ነው አልኳት፤ አዝና ሄደች። የእኔን ድምፅ ያዝኩ፣ የሳክስፎኑን ያዝኩ፣ ረክሻ ነጂው መሃል ላይ የሳላትን ሳል ሳትቀር ያዝኩ። ለኡስታዝ ትንፍሽ አላልኩም። የማስደስተው መስሎኝ ነበር እኮ! አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች የሚሉት እኔን ነው።

ቀኑ ደረሰ። ሦስት ሰዎች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ቴፕ። ካሴታችንን ከፍተው ትንሽ ሰሙና አለቃቸው «ያላ፣ ጀምሩ» አለ። ኡስታዝ ነፋ። አለቃው እጁን አነሳ፤ «ይህ አይደለም።» እንደገና ነፋ፣ ሌላ መጣ። «ይህም አይደለም።» በሦስተኛው ሰውየው ፋይሉን ዘጋ። ኡስታዝ ሳክስፎኑን ከአፉ አውርዶ ፈገግ እንዳለ ቆመ፣ ግድም ያለው አይመስል። እኔ ግን ግድ ነበረኝ። አፌን ከፍቼ ከካሴቱ መጀመሪያ ጀመርኩ። የራሴን እላለሁ፣ እሱ የሚገባበት ሲደርስ እንደ ሳክስፎን እሆናለሁ፤ ረክሻ ነጂውም ጀሪካኑን ይዞ ተከተለኝ። አለቃው ቴፑን ከፍቶ አብሮ እየሰማ ዓይኑ ፈጠጠ። የሳሏ ቦታ ስደርስ ሳልኩ። ያን ጊዜ ሦስቱም በሳቅ ፈነዱ፤ «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» እያሉ ማህተሙን አሳረፉት።

ደስ ብሎኝ እየዘለልኩ ወጣሁ። ኡስታዝ መንገዱ ዳር ቆሞ ይጠብቀኛል።

«ማን አዘዘሽ?» አለኝ።

«ማንም። ሊዘጋብን አልነበር?»

«ይዘጋ ነበራ! ስንት ዘመን ሲዘጋብኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ቢጨመር ምን እሆናለሁ? ያ አርብ ሞቷል። አንቺ ሬሳውን አውጥተሽ ፊታቸው አስጨፈርሽው!»

የእኔስ ምላስ መች ያርፋል። «አንተማ ጣሪያ አለህ፣ እህት አለችህ። ቢዘጋብህ ገብተህ ትተኛለህ። እኔ የምገባው ልብስ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ነው! ነፃነት ነፃነት የምትለው ቁርስህን ሰው ስለሚያወጣልህ ነው!»

መንገደኛው ቆሞ ያየናል። ረክሻ ነጂው «ግቡ በአላህ፣ ፀሐይ ነው» ብሎ በግድ ረክሻው ውስጥ አስገባን።

በዝግጅቱ ቀን ኡስታዝ የመጣው ረክሻ ነጂው ለምኖት ነው። ከአስር ሰላት በኋላ ግቢው ሞላ። እኔ በሆዴ፣ ቆይ አሳየዋለሁ፣ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ነገር ነው ዛሬ የማወጣ ብያለሁ። እሱ አንድ ረጅም፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ነፋ። ዓይኔን ጨፍኜ አፌን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ትንፋሽ አዲስ ነበር። ሁለተኛውም። በሦስተኛው ድምፄ፣ የለመደ በሬ ወደ በረቱ እንደሚታጠፍ፣ ወደ ካሴቱ ታጠፈ። ደንግጬ አቋረጥኩ፤ በሌላ በኩል ገባሁ፤ እዚያው አደረሰኝ። ብታገል፣ ብጮህ፣ ባቃስት ካሴቱ ነው። ሳሏ እንኳ ሳትቀር ከጉሮሮዬ መጣች። ኡስታዝ ሳክስፎኑን ቀስ ብሎ አወረደና አየኝ። ሕዝቡ ምን ያውቃል? ቆሞ አጨበጨበ። ፈረንጇ አቅፋ ሳመችኝ።

የተመኘሁትን ሁሉ አገኘሁ። ሥራውን ሰጡኝ፣ ኢቃማው ወጣልኝ፣ ከማዳሜ ቤት ወጥቼ ጀብራ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ልጆቹ በስሜ ነበር የሚጠሩኝ። ግን ደስታው ሳምንት አልሞላም። ሌሊት ከራሴ ጋር ስሆን አፌን ከፍቼ እሞክራለሁ፤ ያው ነው። አንድ አርብ እልሄን ዋጥ አድርጌ ሪያድ ሄድኩ፣ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። «ኡስታዝ፣ አጥፍቻለሁ። አስረሳኝ» አልኩት።

አልተቆጣም፤ ወንበር ሰጠኝ። አራት አርብ ሞከርን። ሲነፋ እመልሳለሁ፤ በሁለተኛው ትንፋሽ ወይ በሦስተኛው ካሴቱ ይመጣል። ወደ ግድግዳው ዞሬ እንድሞክር አደረገኝ፤ መጣ። ውሃ በአፌ ይዤ፤ መጣ። ሳልጨርስ አስቁሞኝ ደግመን ጀመርን፤ መጣ። በአራተኛው አርብ ሳክስፎኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ የምመልስለትንም አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ለታመመ ልጅ በሚያወሩበት ድምፅ፣ «ኸላስ፣ በቃ፣ አትድከሚ። ጥሩ አስተማሪ ነሽ ይላሉ» አለኝ።