ከቀኝ የጀመረች ጣት

ዛሬ በስደት ከተማችን፣ አርካዊት በሚባለው ሰፈር በማስተምርበት የሐበሻ ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ ጣቷን ቀኝ ጫፍ ላይ አድርጋ አማርኛውን ማንበብ ጀመረች። መጽሐፏ በረኪና በረኪና ይሸታል፤ እናቷ ሰው ቤት ትሠራለች።

እኔም በእሷ ዕድሜ፣ ቀን በዓረብኛ ስማር ውዬ፣ ቤት ስገባ አማርኛውንም ከቀኝ ስጀምር አጎቴ ይቆጣኝ ነበር። አንድ ቀን እናቴ አል-ጣኢፍ የሚባለው ሰፈር የሰው ቤት ስታጸዳ ውላ ገባችና፣ ያንኑ በረኪና የሚሸት እጇን ራሴ ላይ አድርጋ፣ «ተዋት፤ ወላሂ ደክሞኛል። ከፈለገችበት ትጀምር፣ ብቻ ሳልተኛ ታንብብልኝ» አለችው። ሁለተኛው መስመር ላይ ተኛች።

አሁን ንባብ ለሚያስተምሩ መምህራን ለተከፈተው ማስተርስ ላመለክት ተቀምጫለሁ። ቅጹ ለምን መማር እንደፈለግሽ ጻፊ ይላል። ዓይኔ እየተከደነ ነው። ለእናቴ አንድም ገጽ እስከ መጨረሻው ያነበብኩላት አይመስለኝም።