ስልኬ ዘግቷል ያልኩበት ጠዋት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ልናገር ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን አውርቼ ተመልሻለሁ። አሁን ለእናንተ እናገራለሁ፤ ስታነቡ ግን አትዘኑልኝ።

ነርስ ነኝ። ደብረ ብርሃን የመጣሁት ተመድቤ ነው። በከተማው ዘመድ ስላልነበረኝ ሩጫ ለመድኩ፤ እያደር ደግሞ ለግማሽ ማራቶን ተመዘገብኩ። ውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ውርጩ ከገብሱ ማሳ ላይ ሳይነሣ፣ በአንኮበር መንገድ ብቻዬን ወጣሁ። ዘጠኝ ኪሎ ሜትር መሄጃ፣ ዘጠኝ መመለሻ። እግሬ እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም። ስልኬን በጃኬቴ እጅጌ ሥር ክንዴ ላይ አስሬዋለሁ፤ በየኪሎ ሜትሩ ፍጥነቴን በጆሮዬ ይነግረኛል።

ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድኩ አንድ ቄስ ከመንገዱ ዳር እጃቸውን አነሡ። ባለቤታቸው አጠገባቸው ድንጋይ ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ልጄ፣ ስልክ ይዘሻል? እየሄድን ሳለ ድንገት ወደቀችብኝ። አምቡላንስ ጥሪልኝ።»

ሴትዮዋን አየኋቸው። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ጠሟል፤ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ዝም ብሎ ተጋድሟል። ስትሮክ መሆኑን ለማወቅ አፍታም አልፈጀብኝ። በዚህ ሕመም ደቂቃ ምን ማለት እንደሆነ ለተለማማጆች ያስረዳሁ ሰው ነኝ።

«ስልኬ ዘግቷል አባቴ፤ መኪና አያጡም» አልኳቸው። ያን ስናገር እንኳ አልቆምኩም፤ እግሬ እዚያው በቦታው ይረግጥ ነበር።

«እሺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ» አሉኝ።

ለምን ዋሸሁ? ሴት ልጅ ብቻዋን ሆና ፈርታ ነው ትሉ ይሆናል። አልፈራሁም። ሩጫዬ እንዳይቋረጥብኝ ነው። ስንት ጊዜ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ዘጠነኛው ላይ ስዞር አሁንም መደወል እችል ነበር። ብደውል ግን መዋሸቴን ያውቁብኛል ብዬ ተውኩት። ስመለስ የቄሱ ነጭ ጋቢ ከሩቅ ታየኝ፤ እዚያው ናቸው። ያኔ መንገዱን ለቀቅሁ። የድንጋይ ካብ ተሻግሬ፣ በማሳው መሃል አድርጌ፣ በባሕር ዛፉ ጀርባ ዞሬ አለፍኳቸው። እኔ ነርሷ ከታማሚ ተደበቅሁ።

ውድድሩንም ሮጥኩ፤ ካሰብኩት ሰዓት ቀድሜ ገባሁ። ጓደኞቼ አቀፉኝ፤ እኔም ሳቅሁ።

ክረምቱ ሲገባ ቄሱ ባለቤታቸውን ደግፈው እኔ ወደምሠራበት ክፍል ገቡ። የሴትዮዋ ቀኝ ጎን አልተመለሰም፤ ንግግራቸውም ይተሳሰራል። ቄሱ ትክ ብለው አዩኝ።

«ያን ቀን ስልክሽ የዘጋብሽ ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ» አልኩ።

«አየሽ፣ ያቺ ያልኩሽ ልጅ» አሏቸው ለባለቤታቸው። «ልትረዳን ፈልጋ ሳይሆንላት ቀርቶ ነው እኮ።» የጭነት መኪና ያገኙት ፀሐይ ከበረታ በኋላ እንደነበር ነገሩኝ። ሴትዮዋ በግራ እጃቸው እጄን ይዘው ሊመርቁኝ ታገሉ፤ ቃሉ አልወጣ አላቸው። እኔ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ጠቀለልኩ። ቁጥሩን ካርዳቸው ላይ ጻፍኩ። ያኔም አልተናገርኩም።

ብደውልም ላይድኑ ይችሉ ነበር፤ ይህን ለራሴ ብዬዋለሁ። ሊሆን ይችላል። ግን አልደወልኩም። ስልኬ ይሠራ ነበር፤ ምን እንደያዛቸውም አውቅ ነበር፤ አልደወልኩም።

በየወሩ ይመጣሉ። በመጡ ቁጥር ዛሬ እናገራለሁ ብዬ እነሣለሁ፤ ቄሱ «ልጄ» ሲሉኝ ወደ ግፊት መለኪያው እዞራለሁ። እናንተ ይቅር ብትሉኝ ይቀለኛል፤ ስለዚህ አልለምናችሁም። ይቅርታው የእነርሱ ነው፤ እነርሱ ደግሞ የሚምሩት ነገር እንዳለ አያውቁም። ማክሰኞ ቀጠሮ አላቸው።