ሰላምታ ሳታበዛ የመጣችው ገጽ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ጾም በገባ ቁጥር ስለ ምላሴ ይጠይቁኛል፤ እኔ ሐሜቱን ተናዝዤ፣ ቁጣውን ተናዝዤ፣ ይህችን ዘልዬ እነሣለሁ። ዛሬ ለናንተ አወጣታለሁ። የበደልኩት ሰዓዳን ነው፤ እዚሁ መርሳ ከተማ፣ የጎረቤቴን ልጅ።

ሰዓዳ ወልድያ ኮምፒውተር ተምራ ተመለሰች። መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ይዛ፣ የወረዳችንን የሀብሩን ብርቱካንና ማንጎ ከወልድያ ነጋዴ የሚያገናኝ ድረ ገጽ ከፈተች። ነጋዴው የሚፈልገውን ይጽፋል፤ ገበሬው እሷ ዘንድ ሄዶ ያያል፤ ለቅሞ ይጭናል። ፍሬ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ካልተነሣ ይበሰብሳል። መጀመሪያ ገጿ እስክትከፈት ሰው ተቀምጦ ያንቀላፋ ነበር። አንድ ቀን ግን ጣቷን ገና ስታሳርፍ ጽሑፉ ከነሥዕሉ ከች አለ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ክው አልኩ።

ምን አድርገሽ ነው ብላት አስረዳችኝ። ስልኩና ገጹ የተቀመጠበት ማሽን አስቀድመው ሰላምታ ይለዋወጣሉ አለች። በድሮው መንገድ ሰላምታው ይበዛል፤ ጭነቱም እንደ አህያ ተሰልፎ ነው የሚመጣ፤ የፊቱ ከቆመ የኋላው ሁሉ ይቆማል። አዲሱ ፕሮቶኮል የምትለው ደንብ ግን ሰላም እያለ ጭነቱን ያራግፋል። አንዱ መንገድ ላይ ቢወድቅ ሌላው አይጠብቀውም። የሚተዋወቁ ከሆነማ ደጃፍ ላይ መቆም የለም።

«ታዲያ ደኅና አደራችሁ ሳይል የሚገባ ምን ዓይነት እንግዳ ነው?» አልኳት።

«አያ ደምሴ፣ አንቱ ከብቱን፣ አዝመራውን፣ የልጅ ልጁን ጠይቀው እስኪጨርሱ እኮ ብርቱካኑ ይበሰብሳል» ብላ ሳቀች። ቤት ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ።

ያ ሳቅ ውስጤ ገባ። እኔ የማውቀው ከሩቅ የመጣ ሰው ይቆማል፣ ይጠይቃል፣ ይጠየቃል። ዘው የሚል ከሩቅ አልመጣም፤ ወይ ከጓዳ የወጣ ነው፣ ወይ ሌባ ነው። እድሩ ሲሰበሰብ ተነሥቼ ይህንኑ ተናገርኩ። ከወልድያ የሚመጣ ነገር ጊዜ ይወስዳል፣ ይህች ልጅ ራሷ ጽፋ ያስቀመጠችውን ነው የምታሳያችሁ፣ አልኩ። አምኜበት ነበር? ግማሹን። ግማሹ ሳቁ ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ ቆሞ ከተናገረ ማን ይመልስለታል? ሰዉ ከደጇ ቀረ።

ጥቂት ሰንብቶ ወደ ወልድያ ስሄድ፣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ አንድ ፍራፍሬ ነጋዴ ተቀመጠ። ስልኩን ይነካካል። ሲሪንቃን አልፈን ኔትወርኩ ብልጭ ድርግም ሲል፣ ሌላ ሌላው የከፈተው ሁሉ እየተሽከረከረ ቀረ። የሰዓዳ ገጽ ግን ጣቱን ተከትላ ትመጣለች። መኪናው ይሮጣል፣ ከአንዱ የኔትወርክ ማማ ወደ ሌላው እንሻገራለን፣ እሷ አትበጠስም። አማተብኩ። በዕድሜዬ መብረቅ አይቻለሁ፤ መብረቅ ያቃጥላል እንጂ የሰው ቃል አያደርስም። ይህ ግን የሰው ቃል ነበር፤ ሜዳውን ሳይነካ የሄደ የሰው ቃል።

ነጋዴው ወደ እኔ ዞረ። «አባቴ፣ ከመርሳ ነዎት? ብርቱካን እፈልጋለሁ ብዬ በየማለዳው እጽፋለሁ፣ የሚመልስልኝ ጠፋ። ሰዉን ምን ነካው?»

«እኔ ምን አውቄ» አልኩ።

ኃጢአቴ ይህች ናት። እድር ላይ የተናገርኩትን ባለማወቅ ነው ልትሉልኝ ትችሉ ይሆናል፤ ይህችን ግን አውቄ ነው። ሰውየው ጎኔ ተቀምጦ፣ ጽሑፉ ፊቴ በርቶ፣ እኔ ምን አውቄ አልኩ። ለምን? ከአፌ የወጣውን መልሼ መዋጥ ሞት መስሎኝ።

ተመልሼም ያየሁትን ለእድሩ አልነገርኩም። ሌላው ጎረቤቴ ሰይድ የበሰበሰ ብርቱካኑን ለከብት ሲደፋ አየሁ፣ አልፌ ሄድኩ። ሰዓዳ ደጄ መጣች። «ወላሂ አያ ደምሴ፣ እኔ የፈጠርኩት የለም። አንቱ አንዲት ቃል ቢናገሩልኝ ይበቃኝ ነበር» አለች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። እኔ ምን አልኳት? እናትሽ ደኅና ናት ወይ አልኳት። ከብቱስ አልኳት። እያንዳንዱን ጠየቅኳት፤ እሷም አንድ በአንድ መለሰችልኝና ሄደች።

ክፍሏን ዘጋች። አሁን ወልድያ ለሌሎች ትሠራለች ይላሉ። መርሳ ላይ ዛሬ ሁሉም ስልክ ይዟል፤ ገጽ ከች ሲል ማንም አይደነቅም። እኔ ግን ባየሁ ቁጥር ሰዓዳ ትመጣብኛለች።

አርጅቶ ነው አትበሉልኝ። አልተማረም ነው አትበሉልኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጥቂት ነው፤ የዚያን ነጋዴ ጽሑፍ ለማንበብ ግን በቅቶኝ ነበር። ይቅርታውን የምትሰጠኝ እሷ ናት፣ እናንተ አይደላችሁም። ወልድያ ደግሞ ቅርብ ነው። እስካሁን አልሄድኩም።